አሥራ ሁለት ቫልቮላና አንድ ቅዳሜ

የሰው ትዕግሥት የሚፈተነው በትልቅ መከራ ጊዜ ብቻ ነው የሚል ሰው፣ የጀርመን ፈጣን መኪና በገዛ እጁ ጠግኖ የማያውቅ ሰው መሆን አለበት። በትልቅ መከራ ጊዜ ዘመድ ይሰበሰባል፣ ጎረቤትም ያጽናናል። ከመኪና ሥር በጀርባው ተኝቶ፣ ዘይት በግንባሩ ላይ እየተንጠባጠበበት፣ ዓይኑ የማያየውን አንድ ዳዶ በጣቱ ጫፍ ለሚፈልግ ሰው ግን የሚደርስለት የለም። ዛሬ በዚህ ገጽ የምናጫውትዎ ስለዚሁ ሥራ ነው። መኪና የለኝም ብለው ገጹን አይለፉት፤ ነገሩ መኪና ለሌለውም የሚሆን ትምህርት አለበትና።

ለምሳሌ የምንወስደው ፖርሽ 911 የተባለውን መኪና ነው። ይህ መኪና እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1963 በፍራንክፈርት የኦቶሞቢል ኤግዚቢሽን ለሕዝብ ሲታይ ስሙ 901 ነበረ። ዳሩ ግን የፈረንሳዩ ፔዦ ኩባንያ፣ መካከሉ ዜሮ የሆነ የሦስት አኃዝ ስም በአገሬ የእኔ መብት ነው ብሎ ስለ ተቃወመ፣ ዜሮው በአንድ ተተካና 911 ሆነ። ሞተሩ ከኋላ ነው። ስድስቱ ሲሊንደሮች ሦስቱ በግራ፣ ሦስቱ በቀኝ ሆነው ጋደም ብለው ተሠርተዋል። እስከ 1998 ድረስ የተሠሩትም የሚቀዘቅዙት እንደ ሌላው መኪና በራዲያተር ውሃ ሳይሆን በነፋስና በዘይት ነበረ።

ይህን ሲያነቡ አንዲት የሚያውቋት መኪና ትዝ ሳትልዎ አትቀርም። በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ለብዙ ዘመን ያገለገለችው ቮልስዋገንም ሞተሯ ከኋላ፣ ማቀዝቀዣዋ ነፋስ፣ ሲሊንደሮቿም ጋደም ያሉ ናቸው። ነገሩ እንዲያው አጋጣሚ አይደለም፤ ዝምድና ነው። ቮልስዋገንን የነደፈው ፈርዲናንድ ፖርሽ ሲሆን፣ የ911ን ቅርጽ ያወጣው የልጅ ልጁ ፈርዲናንድ አሌክሳንደር ፖርሽ ነው። ነገር ግን ዘመዳሞች ሁሉ ጠባያቸው አንድ አይደለም። ቮልስዋገን ስምንት ቫልቮላዎች አሏት፤ ሽፋናቸው የተያዘው በሽቦ ማያያዣ ብቻ ስለ ሆነ በካቻቢቴ ገፋ ሲያደርጉት ይከፈታል። የ911 ቫልቮላዎች ግን አሥራ ሁለት ናቸው፤ ሽፋኖቹም አራት ሆነው፣ ሁለቱ ከላይ፣ ሁለቱ ከታች፣ እያንዳንዱ በብዙ ዳዶ የታሰረ ነው። ቮልስዋገን ሁለት ሊትር ተኩል ዘይት ሲበቃት፣ 911 ዘጠኝ ሊትር ያህል፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ ይጠጣል።

ታዲያ መሐንዲሶቹ ለጠጋኙ ስለ ምን አላሰቡለትም? ብለው ይጠይቁ ይሆናል። መልሱ አጭር ነው። ያሰቡት ለፍጥነት ነው። በጠባብ ስፍራ ውስጥ ብዙ ኃይል ለመክተት፣ አንዱን ዕቃ ከሌላው ሥር ማስገባት ግድ ይሆናል። ደግሞም በፋብሪካ ውስጥ ሞተሩ የሚገጣጠመው ውጭ፣ በብርሃን፣ ዙሪያው ክፍት ሆኖ ነው፤ ካለቀ በኋላ ነው ከመኪናው ሆድ የሚገባው። እርስዎ ግን የሚያገኙት ገብቶ ከተዘጋ በኋላ ነው። ስለዚህ በዚህ መኪና ላይ ድካሙ ያለው በዕቃው ላይ ሳይሆን ወደ ዕቃው በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። በመዝገብ ቤት የሠራ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ደብዳቤው ላይ ቁጥር መጻፍ የደቂቃ ሥራ ነው፤ ፋይሉን ማግኘት ግን ቀኑን ይፈጃል።

ከቀላሉ እንጀምር። ዘይት መለካት እንኳ በዚህ መኪና የራሱ ሥርዓት አለው። በብዙ መኪና ጠዋት ሞተሩ ሳይነሣ መለኪያውን ብረት መዝዞ ማየት ይበቃል። የ911 ዘይት ግን የሚቀመጠው በሞተሩ ሆድ ሳይሆን ለብቻው በተሠራ ጋን ውስጥ ነው። ስለዚህ ትክክለኛው ልክ የሚታወቀው ሞተሩ በሚገባ ሞቆ፣ በዝግታ እየዞረ፣ መኪናው በደልዳላ ስፍራ ቆሞ ነው። ይህን ያልተማረ ሰው ጠዋት በብርድ ይለካና መለኪያው ደረቅ ሆኖ ያገኘዋል፤ ደንግጦ አንድ ሊትር፣ ቀጥሎም ሌላ ሊትር ይጨምራል። ሞተሩ ሲሞቅ የተረፈው ዘይት በመተንፈሻው በኩል ወደ ነፋስ ማጣሪያው ይወጣል፤ ከኋላም ሰማያዊ ጭስ ይታያል። ባለቤቱም ሞተሬ ተቃጠለ ብሎ ያለቅሳል፤ ሞተሩ ግን ያጣው ዘይትም ጤናም አልነበረም።

ካንዴላ መለወጥ ሁለተኛው ፈተና ነው። ወደ ሞተሩ ክፍል መግቢያ የሚቀርበው ካንዴላ ያለ ብዙ ጣጣ ይፈታል። ወደ ፊት ርቀው የገቡት፣ በግራ ሦስተኛው በቀኝም ስድስተኛው፣ በእጅ ብቻ እንጂ በዓይን አይደረስባቸውም። ከ1989 ጀምሮ በተሸጠው 964 በተባለው ካሬራ ደግሞ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር ሁለት ካንዴላ ስለ ተሰጠው ቁጥራቸው አሥራ ሁለት ሆነ፤ ስድስቱም የሚፈቱት ከሥር ተተኝቶ ነው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚያሻው ለመፍታት ሳይሆን ለመመለስ ነው። ቴስታታው አሉሚኒየም፣ ካንዴላው ብረት ነው። ካንዴላው አንድ ጊዜ ጠመም ብሎ ከገባና በቁልፍ ከተገፋ፣ የቴስታታውን ጥርስ ይበላዋል። ለዚህ አንድ ርካሽ መድኃኒት አለ። ስንዝር ያህል የጎማ ቱቦ ይቁረጡ፤ የካንዴላውን ጫፍ በቱቦው ውስጥ ይሰኩና ቱቦውን በጣትዎ እያዞሩ ያስገቡት። አገባቡ ቀጥ ያለ ከሆነ ይዞራል፤ ጠማማ ከሆነ ቱቦው በራሱ ይንሸራተታል እንጂ ጥርሱን አይጎዳም። ቁልፍ የሚነሣው ካንዴላው በጣት ኃይል እስከ መጨረሻው ከገባ በኋላ ነው።

ሦስተኛው የጭስ ማውጫው ዳዶዎች ናቸው። እነዚህ ለብዙ ዓመታት በእሳት ሲጠበሱና በዝናብ ሲረጠቡ የኖሩ ስለ ሆኑ ከብሎናቸው ጋር አንድ አካል ሆነዋል። ጉልበቱን የሚመካ ሰው ቁልፉን ረዘም ባለ ቱቦ ያስረዝምና ይጫነዋል። ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ዳዶው ዞረልኝ ብሎ ደስ ሲለው፣ የዞረው ዳዶው ሳይሆን የተሰበረው ብሎን ሆኖ ያገኘዋል። ከዚያ በኋላ ቅሪቱን ከአሉሚኒየሙ ውስጥ በመሰርሰሪያ ማውጣት ነው፤ መሰርሰሪያውም ጠንካራውን ብረት ትቶ ወደ ለስላሳው አሉሚኒየም መሸሽ ይወዳል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይህ ነው። ብልህ ሰው ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ዓርብ ማታ ቀብቶ ያድራል፤ ቅዳሜም በእሳት ሞቅ አድርጎ፣ ጥቂት ወደ ፊት ጥቂት ወደ ኋላ እያለ ያግባባዋል። ያም ሆኖ እንቢ ካለ ትቶት ወደ ባለሙያ ይሄዳል። ሳይሰበር የተተወ ብሎን ለመካኒክ ቀላል ነው፤ የተሰበረው ግን ለሁላችንም ከባድ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። ቫልቮላ ማለት ለነዳጅና ለነፋስ መግቢያ፣ ለጭስም መውጫ የሚሆን በር ነው። ይህ በር በሚገባ እንዲዘጋ፣ በሚገፋው ብረትና በቫልቮላው ጫፍ መካከል ጥቂት ክፍተት ሊኖር ይገባል። በቀድሞዎቹ 911 መኪናዎች ይህ ክፍተት ሞተሩ በሚገባ በቀዘቀዘ ጊዜ 0.1 ሚሊሜትር ነው። ይህም እርስዎ አሁን በእጅዎ የያዙት የአንድ ወረቀት ውፍረት ያህል ነው። ሞተሩ ሌሊቱን ሙሉ ማደር ስላለበት ሥራው የሚጀመረው ዓርብ ማታ መኪናውን አቁሞ በመተኛት ነው።

ቅዳሜ ጠዋት የአንደኛው ሲሊንደር ፒስቶን ከላይ እንዲደርስ፣ ቫልቮላዎቹም ተዘግተው እንዲሆኑ ሞተሩ በእጅ ይዞራል። ለዚህ ምልክት እንዲሆን በፑሌጃው ላይ ዜድ 1 የሚል ተጽፎበታል። የአንደኛው ሁለት ቫልቮላዎች ከተስተካከሉ በኋላ ሞተሩ የዙር ሲሶ ይዞርና ስድስተኛው፣ ቀጥሎም ሁለተኛው፣ አራተኛው፣ ሦስተኛው፣ በመጨረሻም አምስተኛው ይሠራል። ሞተሩ ሁለት ዙር ሲሞላ አሥራ ሁለቱም ደርሷቸዋል ማለት ነው። በወረቀት ላይ ሲታይ ይህ የትምህርት ቤት ሒሳብ ይመስላል።

በሥራ ላይ ግን እንዲህ ነው። በአንድ እጅዎ ቀጭኑን የክፍተት መለኪያ ያስገባሉ፣ በሌላው በካቻቢቴ ማስተካከያውን ብሎን ይይዛሉ፣ በሦስተኛው እጅዎ ደግሞ የ13 ቁጥር ቁልፍ ይዘው ዳዶውን ያጠብቃሉ። ሦስተኛ እጅ ያልተሰጠው ሰው ግን በሁለቱ መብቃቃት አለበት። መለኪያው ሲሳብ ያዝ ለቀቅ የሚል ከሆነ ልክ ነው። እሰይ ብለው ዳዶውን ሲያጠብቁ፣ ብሎኑ አብሮ ጥቂት ይዞራል፤ ክፍተቱም ይለወጣል። እንደ ገና ይፈታሉ፣ እንደ ገና ይለካሉ። ከላይ ያሉት የመግቢያ ቫልቮላዎች ስለ ሆኑ ቢያንስ ተቀምጠው ይሠሯቸዋል። የጭሱ ቫልቮላዎች ግን ከታች ናቸው፤ ሽፋናቸው ሲከፈት በውስጡ የቀረው ዘይት ወደ ክንድዎ ይወርዳል፤ መለኪያውም የሚገባው በዓይን ሳይሆን በስሜት ነው።

ውድ አንባቢ፤ የዛሬውን ጨዋታ የጀመርነው እዚህ ለመድረስ ነበር። ሰው በዘጠነኛው ቫልቮላ ላይ ሲደርስ ይደክመዋል። ያን ጊዜ አንድ ሐሳብ ይመጣበታል። ጥቂት ጠበቅ ባደርገው ምን ይጎዳል? እንዲያውም ሞተሩ ድምፁ ይቀንሳል ይላል። እውነትም ይቀንሳል። ክፍተቱ የሰፋ ቫልቮላ ቀጭ ቀጭ እያለ ይጮኻል፤ የጠበበው ግን ዝም ይላል። ነገር ግን የሚጮኸው ቫልቮላ በሚገባ ይዘጋል። ዝም ያለው፣ በተለይ የጭሱ ከሆነ፣ ሳይገጥም ይቀራል። ቫልቮላ ሙቀቱን የሚያስረክበው ከመቀመጫው ጋር ሲነካካ ነው፤ ካልተነካካ ግን የጋለው ጋዝ በጠርዙ እያለፈ ያቃጥለዋል። ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል፤ በቫልቮላ ነገር ግን ዝምታ እዳ ነው። መኪናው ለጥቂት ጊዜ በጸጥታ ይሄዳል፤ ባለቤቱም በሥራው ይኮራል፤ ከዚያ በኋላ ኃይሉ ይደክማል፤ ቴስታታውም መውረድ ይኖርበታል። በአንዱ ቅዳሜ የተረፈው ሩብ ሰዓት፣ የወራት ደመወዝ ሆኖ ይከፈላል።

ስለዚህ ይህን ሥራ የሚያስቡ ቢኖሩ፣ በቤት ውስጥ መኪና ባይኖርም በቢሮ ሥራ ላይ ለማዋል የሚፈልጉም ቢኖሩ፣ የሚከተለውን ቢይዙ ይጠቀማሉ።

አንደኛ፤ በክሪክ ብቻ ከተነሣ መኪና ሥር ከቶ አይግቡ። ከክሪኩ ሌላ ጠንካራ የብረት ድጋፍ በሁለቱም ወገን ይሁን። ቫልቮላ ይተካል፤ ሰው ግን አይተካም።

ሁለተኛ፤ የፈቱትን ሁሉ በተፈታበት ተራ በጨርቅ ላይ ይደርድሩ፤ የሠሩትንም በወረቀት ላይ ይመዝግቡ። አሥራ ሁለት ሣጥን ያለው ሠንጠረዥ ሠርተው፣ የተለካውን ምልክት ማድረግ ይበቃል። ድካም የመጀመሪያ ሥራው የማስታወስን ኃይል መስረቅ ነውና።

ሦስተኛ፤ ሁሉም ካለቀ በኋላ ሞተሩን ሁለት ዙር አዙረው አሥራ ሁለቱንም እንደ አዲስ ይለኩ። ይህ የሚያናድድ ምክር መሆኑን እናውቃለን፤ ሆኖም በዚህ ሁለተኛ ልኬት ላይ አንድ ወይም ሁለት ያልተስተካከለ የማያገኝ ጀማሪ ጥቂት ነው።

አራተኛ፤ ሲመሽ ያቁሙ። የተረፈው ለእሑድ ከሰዓት በኋላ ይቆይ። ሰኞ ወደ ሥራ በአውቶቡስ መሄድ ውርደት አይደለም።

ዘመን ግን ለሁሉ መፍትሔ ያመጣል። በ1993 ለሕዝብ በታየው 993 በተባለው ዓይነት ላይ ክፍተቱን በዘይት ግፊት ራሱ የሚጠብቅ መሣሪያ ስለ ገባ ይህ ሥራ ቀረ። የነፋሱም ሞተር በ1998 በውሃ በሚቀዘቅዘው ተተካ። የቀድሞዎቹን መኪናዎች የያዙ ሰዎች ግን ዛሬም፣ በሽቱትጋርትም ሆነ በካሊፎርንያ፣ ዓርብ ማታ ሞተራቸውን አጥፍተው ለቅዳሜ ይዘጋጃሉ። ምክንያቱ ገንዘብ ብቻ አይደለም። ማንም ከታች ጎንበስ ብሎ የማያየውን የጭስ ቫልቮላ፣ እንደሚታየው አድርጎ ለክቶ የጨረሰ ሰው፣ ስለ ራሱ አንድ ነገር ያውቃል።

በእያንዳንዳችን ሥራም ላይ አለቃ የማያየው፣ ተመልካች የማያመሰግነው ከታች ያለ ቫልቮላ አይጠፋም። ያልተጣራ ሒሳብ፣ ሳይነበብ የተፈረመ ደብዳቤ፣ ሳይገባን ያለፍነው የትምህርት ምዕራፍ ሁሉ ለጊዜው ዝም ይላል። ዝም ስላለ ደህና ነው አይበሉ። መለኪያውን ያስገቡና ይሞክሩት።