40 ሳንቲም

ወጣቱ፣ እስቲ ረጋ ብለህ ስማኝ። አንቺም እህቴ ስሚኝ። ዛሬ የማወራው ስለ ሲጋራ ነው። "አታጭስ" ልልህ አይደለም፣ እሱን እናትህ ነግራሃለች። የማወራው ስለ ሂሳብ ነው።

የካቲት 2012 ዓ.ም. ፓርላማው ያጸደቀው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ፣ ቁጥሩ 1186፣ 20 ፍሬ በያዘ አንድ ፓኬት ሲጋራ ላይ የማምረቻ ወጪውን 30 በመቶ እና 8 ብር ጣለ። ከዚያ በፊት ታክሱ የማምረቻ ወጪው 75 በመቶ ብቻ ነበር። ለውጡ በመርህ ደረጃ ትክክል ነው። ለምን? የማምረቻ ወጪን በመዝገቡ የሚያሳየው ፋብሪካው ራሱ ነዋ! ወጪው ባነሰ ቁጥር ታክሱም ያንሳል። 8 ብር ግን ያው 8 ብር ነው፣ ማንም አያሳንሰውም።

የዋጋ ንረት ግን ያሳንሰዋል።

አዋጁ ሲወጣ አንድ ዶላር 32 ብር ገደማ ነበር። ያኔ 8 ብር 25 የአሜሪካ ሳንቲም ማለት ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብሩ ለገበያ ከተለቀቀና ዶላር 100 ብርን ካለፈ በኋላ ግን ያው 8 ብር 8 የአሜሪካ ሳንቲም እንኳ አይሞላም። በብር ቁርጥ የተጣለ ታክስ በየዓመቱ ከኑሮ ውድነቱ ጋር ካልታደሰ ፀሐይ ላይ እንደተቀመጠ ቅቤ ነው።

አሁን 8 ብሩን ለ20 አካፍለው። በአንድ ፍሬ 40 ሳንቲም! ይኼን ልብ በል፣ ምክንያቱም አንተና ጓደኛህ ፓኬት አትገዙም። ከግቢው በር ላይ ካለው ሱቅ በደረቴ፣ ከማስቲካውና ከሶፍቱ ጎን አንድ ፍሬ ነው የምትገዙት። ታክሱ በፓኬት 2 ብር ቢጨመር በፍሬ 10 ሳንቲም ነው። 10 ሳንቲም መጨረሻ ያየኸው መቼ ነው? ስለዚህ ትንሽ ጭማሪ አንተ ጋ አይደርስም፣ ወይም ባለሱቁ አንድ ብር ጨምሮ ልዩነቱን ኪሱ ይከታል። የሚሰማ ጭማሪ ትልቅ ጭማሪ ብቻ ነው።

ይኼ የእኔ ፈጠራ አይደለም። በእኛ ዓይነት አገሮች የሲጋራ ዋጋ 10 በመቶ ሲጨምር ፍጆታው ወደ 5 በመቶ እንደሚቀንስ የኢኮኖሚ ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል። ወጣቱ ደግሞ ኪሱ ስስ ስለሆነ ዋጋ ሲጨምር ከአዋቂው ሁለትና ሦስት እጥፍ ቶሎ ይሸሻል። ለዚህ ነው የታክሱ ጉዳይ ከማንም በላይ ያንተ የሚሆነው።

ትርፉስ የት ይሄዳል? "ብሔራዊ ትምባሆ ድርጅት" የሚለው ስም አይሸውድህ። በ2008 ዓ.ም. 40 በመቶው በ510 ሚሊዮን ዶላር፣ በ2010 ደግሞ 30.95 በመቶው በ434 ሚሊዮን ዶላር ለጃፓን ቶባኮ ተሸጠ። የጃፓን ቶባኮ ከሲሶ በላይ ድርሻው በሕግ የጃፓን መንግሥት ነው። ትርፉ ቶኪዮ ግምጃ ቤት ይገባል፣ ሳሉ እዚህ ይቀራል። (ጃፓንን አልሰድብም፤ ሻጮቹ እኛው ነን።) እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገ አገር አቀፍ ጥናት ትምባሆ የሚጠቀመው ከመቶ አዋቂ 5ቱ ብቻ ነው። ታዲያ ያ ሁሉ ዶላር ለ5ቱ የተከፈለ ይመስልሃል? በእኔ እምነት የተከፈለው ለተቀሩት 95ቱ ነው።

"ታክስ ከጨመራችሁ ኮንትሮባንድ ይጥለቀለቃል" ይሉሃል። በየአገሩ ይቺኑ ነው የሚሏት። ኮንትሮባንድ የለም አልልም፣ በምሥራቅ በኩል ምን እንደሚገባ ሁላችንም እናውቃለን። ግን ደቡብ አፍሪካን እይ። እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ታክሱን የችርቻሮ ዋጋው ግማሽ ለማድረስ ተነሡ፤ የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች ቁጥሩን እየሠሩ ያቀርቡ ነበር። በአሥር ዓመት ውስጥ የሚያጨሰው አዋቂ ከ33 በመቶ ወደ 24 ወረደ፣ የታክስ ገቢው ደግሞ ከእጥፍ በላይ ሆነ። በኋላ ኮንትሮባንድ የተባባሰው ታክሱ እንደ ድሮው በማይጨምርበት፣ የገቢዎች መሥሪያ ቤታቸው በተዳከመበት ዘመን ነው። ኬንያም ከ2013 ጀምሮ በየፓኬቱ ላይ በስልክ የሚመረመር የኤክሳይዝ ቴምብር ትለጥፋለች። መፍትሔው ቴምብርና ፍተሻ ነው እንጂ ታክሱን ማርከስ አይደለም።

"ድሃውን ነው የምትጎዱት" የሚለውንም ሰምቻለሁ። የድሃው ሳንባ ያሳሰባቸው ዛሬ ነው እንዴ?

ስለዚህ ጥያቄያችን ሁለት ነው። አንደኛ፣ በብር የተቆረጠው ታክስ በየዓመቱ ከዋጋ ንረቱ በላይ ይጨመር። ሁለተኛ፣ ስንት ፓኬት ተሸጠ፣ ስንቱ ኮንትሮባንድ ነው የሚለውን የሚቆጥር ከሻጩ አንዲት ሳንቲም ያልተቀበለ የራሳችን ተመራማሪ ይሁን።

የኢኮኖሚክስ ተማሪ ከሆንክ ደግሞ የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ፍለጋ አትንከራተት። ከሰፈርህ አሥር ሱቅ ምረጥ፣ በየወሩ የፓኬቱንና የአንድ ፍሬውን ዋጋ መዝግብ፣ የወዳደቀውን ባዶ ፓኬት ሰብስበህ ስንቱ ሕጋዊ እንደሆነ ቁጠር። ወጪው ደብተርና እስክሪብቶ ነው።