«ሹር» ጨዋታ ላይ ሙሉውን ማስያዝ

ዛሬ የማወራው ስለ ቤቲንግ ነው። «ቲቸር ደግሞ ሊመክረን ነው» ብላችሁ ከማለፋችሁ በፊት ሂሳቡን ብቻ እዩልኝ።

እዚህ ሐዋሳ ቤቲንግ ቤት በር ላይ ከማገኛቸው ልጆች ያስተማርኳቸው ብዙ ናቸው። ደጋግመው የሚጠይቁኝም አንድ ነገር ነው፦ «ቲቸር፣ ጨዋታው ሹር ከሆነ ያለንን ሙሉውን ብናሲዝ አይሻልም?» ፖከር ተጫዋቾች «ኦል ኢን» የሚሉት ማለት ነው። የሞኝ ጥያቄ አይደለም። ጥሩ ካርድ የያዘ ሰው ለምን ይፈራል?

ኅዳር 13 ቀን 2015 ዓ.ም አስታውሱ። አርጀንቲና ከሳዑዲ ዓረቢያ። ከሹርም ሹር ነበር። 2 ለ 1 ተሸነፈች። በማግስቱ ጀርመን በጃፓን በዚያው ውጤት ተሸነፈች። አርጀንቲና ግን በመጨረሻ ዋንጫውን ወሰደች። ስለዚህ «አርጀንቲና ጠንካራ ናት» ያለው ሰው አልተሳሳተም። ሙሉውን ካስያዘ ግን ብሩ ዋንጫውን ሳያይ በመጀመሪያው ቀን አለቀ። ልክ መሆንና መትረፍ ይለያያሉ።

አሁን ወደ ሂሳቡ። ኦዱ 1.30 ነው እንበል። 1 ለ 1.30 ሲካፈል 77 በመቶ ገደማ ይመጣል። ድርጅቱ የራሱን ድርሻ ቀድሞ ስለሚቀንስ እውነተኛው ዕድል ከዚያ ዝቅ ይላል፤ 75 እንበለው። እንደዚህ ያሉ 10 «ሹር» ጨዋታዎች ደርድራችሁ 100 ብር ብታሲዙ 1,379 ብር ያሳያችኋል። ደስ ይላል! ግን 0.75ን 10 ጊዜ አባዙት። ከ100 ትኬት የሚበላው 6 እንኳን አይሞላም። በአንድ ጨዋታ ከ100 ብራችሁ በአማካይ 2 ብር ከ50 የምታጡት ሰዎች፣ 10 ስትደረድሩ 22 ብር ገደማ ታጣላችሁ።

«እኔ ግን ኳስ አውቃለሁ፣ ዕድሉ 80 በመቶ ነው» የሚል ይኖራል። እሺ፣ እንቀበለው። በ1956 እ.ኤ.አ. ጆን ኬሊ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ለዚህ ቀመር አውጥቷል። 0.80ን በ1.30 አባዙ፣ 1 ቀንሱ፣ ለ0.30 አካፍሉ። መልሱ 13 በመቶ ነው። 1,000 ብር ያለው ሰው 133 ብር ማለት ነው። ያውም ግምቱ ልክ ከሆነ! ዕድሉ 75 ከሆነ ግን ቀመሩ «አንድም ብር አታሲዝ» ይላል። ሙሉውን አሲዝ የሚለው ዕድሉ 100 በመቶ ሲሆን ብቻ ነው። ኳስ ውስጥ ደግሞ 100 በመቶ የለም።

እኔን የሚያሳስበኝ ትኬቱ አይደለም። ሙሉው ብር የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ የቤት ኪራይ ነው፣ እናት ዕቁብ ጥላ የላከችው ነው፣ የመመዝገቢያ ነው። እሱ ብር ቁማር ቤት በር ላይ ቆሞ መመዘን የለበትም።

ስለዚህ «ጨዋታው ሹር ነው ወይ?» ከማለት በፊት «ይሄ ብር ዛሬ ማታ ባይኖር ነገ ቤት ውስጥ ምን ይጎድላል?» ብላችሁ ጠይቁ። የሚጎድል ነገር ካለ፣ ኦዱ ምንም ቢሆን አትንኩት።

አልስማማም የምትሉ ትኬታችሁን ኮመንት ላይ ጻፉልኝ፤ አብረን እናሰላዋለን። ማርክ ግን የለውም 😄