የካሉብ ጋዝና የልደታ አውቶሞቢሎች

በሶማሌ ክልል በካሉብ ከምድር የሚወጣውን የተፈጥሮ ጋዝ ወደ ፈሳሽነት የሚለውጠው ፋብሪካ የመጀመሪያው ክፍል መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም. መመረቁን አንባቢዎቻችን ያስታውሱታል። ጋዙ በዚያ ስፍራ መኖሩ የታወቀው በ1960ዎቹ ዓመታት ስለ ሆነ፤ ግማሽ ምእት ዓመት ያህል ሲወራለት የኖረ ሀብት ወደ ሥራ መግባቱ ደስ የሚያሰኝ ነው። ከእንግዲህ በልደታ በፍርድ ቤቱ ደጅ አውቶሞቢሉን አቁሞ ቀጠሮውን የሚጠብቅ ሰው፤ «የቤንዚኑን ሞተር ወደ ጋዝ ባስለውጠው አይሻለኝምን?» ብሎ ማሰቡ አይቀርም።

ማስለወጡ እጅግ የሚያስቸግር አይደለም። የታመቀው ጋዝ የሚያዝበት ሲሊንደር ከመኪናው ኋላ ይገባል፤ ሞተሩም በጋዝ ይሠራል። ጋዙ ግን ከተለመደው የአየር ግፊት 200 እጥፍ ያህል ታምቆ የሚሞላ ስለ ሆነ፤ ሲሊንደሩ በየጊዜው በባለሙያ ካልተመረመረ ለባለቤቱም ለጎረቤቱም አደጋ ነው። ከዚህም ይልቅ የሚከብደው መሙላቱ ነው። ቤንዚን ያለቀበት ሰው በጀሪካን አስመጥቶ ይነሣል፤ ጋዝ ያለቀበት ግን ማመቂያ መሣሪያ ወዳለው ማደያ ካልደረሰ በቀር ሌላ መላ የለውም።

በካሉብ የሚዘጋጀው ደግሞ የታመቀው ሳይሆን ፈሳሹ ነው። ከዜሮ በታች 162 ዲግሪ ድረስ ቀዝቅዞ የተቀመጠ ስለ ሆነ፤ መኪናው ቆሞ በሰነበተ ቁጥር እየተነነ ይጐድላል። ስለዚህ ሌሊትና ቀን ለሚጓዝ ከሚዮን ይስማማል እንጂ፤ ቅዳሜ ለገበያ እሑድ ለቤተ ክርስቲያን ብቻ ለሚወጣ አውቶሞቢል አይስማማም።

በህንድ አገር የሆነውን እንመልከት። የደልሂ አውቶቡሶች ሁሉ በታመቀ ጋዝ እንዲሠሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1990 ዓ.ም. አዘዘ፤ ትእዛዙም እስከ 1995 ዓ.ም. ተፈጸመ። የከተማይቱ አየር ተጠቀመ። ነገር ግን ማደያዎቹ ከአውቶቡሶቹ ቁጥር ጋር አብረው ስላልበዙ፤ ነጂዎቹ ጋዝ ለመሙላት ለብዙ ሰዓት ተሰልፈው ይውሉ ነበር። ትእዛዝ መስጠት ከማደያ መሥራት ይልቅ የሚፈጥን መሆኑን ለሹማምንት መንገር አያስፈልግም።

የካሉብ ፋብሪካ የመጀመሪያው ክፍል በዓመት 111 ሚሊዮን ሊትር ፈሳሽ ጋዝ እንዲያወጣ የታሰበ ነው። የዚህ ጋዝ አንድ ሊትር፤ አንድ ሊትር ናፍታ ከሚሠራው ሥራ ከአምስት እጅ ሦስት እጁን ያህል ይሠራል። አንድ ከሚዮን በዓመት 80,000 ኪሎሜትር ቢጓዝ፤ በየ100 ኪሎሜትሩም 45 ሊትር ናፍታ የሚፈጅ ቢሆን፤ በምትኩ 60,000 ሊትር ጋዝ ያስፈልገዋል። እንግዲህ ጠቅላላው ምርት የሚበቃው ለ1,850 ከሚዮኖች ነው። ይህ ቁጥር በጅቡቲ መንገድ ላይ ቢሰበሰብ ጥቂት ማደያዎች ይበቁታል፤ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛውንም ናፍታ ይቀንሳል። በየከተማው ቢበተን ግን ማደያውም ጋዙም ለማንም አይደርስም።

የልደታ ሰው ታዲያ ምን ያድርግ? ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. አስታውቋል፤ ታላቁ የሕዳሴ ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ነገር ግን በልደታ የጋራ መኖሪያ ቤቶች በአራተኛ ፎቅ የሚኖር ሰው እስከ ግቢው ድረስ የኤሌክትሪክ ገመድ በመስኮት ሊያወርድ አይችልም፤ ቢያወርድም ሕፃናት በሚጫወቱበት ስፍራ ሊፈቀድለት አይገባም። ስለዚህ የክፍለ ከተማው ሹማምንት ከኤሌክትሪክ አገልግሎት ጋር ተነጋግረው፤ በየግቢው መኪና በሚያድርበት ስፍራ ቆጣሪ ያለው መሙያ ቢያስተክሉ፤ የነዋሪው የዕለት ችግር ከካሉብ ጋዝ ይልቅ በዚህ ይቃለላል።