ለአንድ አሮጌ ሰርቨር ሲባል የቢሮው በር ሁሉ አይከፈት

አሮጌ ዩኒክስ ሰርቨር ያላቸው መሥሪያ ቤቶች አዲስ ኮምፒውተር ሲገዙ ፋይል መጋራት እምቢ ይላቸዋል። ብልሽት አይደለም። አሮጌው ሳምባ የሚያውቀው ኤስኤምቢ 1 የተባለውን የቆየ ፕሮቶኮል ብቻ ነው፤ አዲሶቹ ደግሞ ዘግተውታል። ሳምባ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2019 ከወጣው 4.11 እትም ጀምሮ ኤስኤምቢ 1ን ዘግቶ ነው የሚመጣው።

ቀላሉ አቋራጭ የተዘጋውን በየኮምፒውተሩ መልሶ መክፈት ነው። ስህተቱም እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በሜይ 2017 ዋናክራይ የብሪታንያን ሆስፒታሎች ሥራ ያስተጓጎለው በዊንዶውስ ኤስኤምቢ 1 ቀዳዳ ተሠራጭቶ ነው። መድፈኛው ከሁለት ወር በፊት ወጥቶ ነበር፤ የተጎዱት ያልጫኑት ናቸው። ለአሮጌ ሲስተም ግን መድፈኛ የሚያወጣለት የለም።

«በኤንኤፍኤስ እንተካው» የሚሉም አሉ። የቆየው ኤንኤፍኤስ በተለመደው አሠራሩ ደንበኛው ኮምፒውተር የነገረውን የተጠቃሚ ቁጥር አምኖ ይቀበላል፤ ማንነት አያጣራም።

የሚሻለው ሰርቨሩን ከቢሮው ኔትወርክ ለይቶ በመካከል አንድ የዘመነ ሊኑክስ ማሽን ማቆም ነው። አሮጌውን የሚያነጋግረው እሱ ብቻ ይሁን፤ ሠራተኛው ከእሱ ጋር በኤስኤምቢ 3 ይገናኝ። ይህም ቢሆን ጊዜ መግዣ ነው፤ ፋይሉ ወደ አዲስ ሰርቨር መዛወሩ አይቀርም።

ለአንድ ማሽን በጀት የሚከለክል ኃላፊ፣ የመሥሪያ ቤቱ ፋይል በሙሉ ቢቆለፍ ምን እንደሚከፍል አስቀድሞ ያስላ።