ተቀባዩን ማን ይቀበለው?

«ተረስቶ ኖሮ ዛሬ ተገኘ» የሚል አርዕስት ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ለመሆኑ ማን ረሳው? መርሳት እኮ አስቀድሞ ማወቅን ይጠይቃል። በሀገራችን ሙዚቃ ከዘፋኙ ኋላ ቆሞ የሚቀበለውን፣ ዜማውን የሚያቀናብርለትን፣ ፒያኖውን የሚነካለትን ሰው መቼ በስሙ ጠርተነው እናውቃለን? ስሙን ሳይጠይቁ ኖሮ «ረሳነው» ማለት ራስን መሸንገል ነው።

እዚሁ ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል ብቅ በሉ። ዓሣው ይጠበሳል፣ ሾርባው ይንተከተካል፣ ከድምጽ ማጉያው የድሮ ዘፈን ይንቆረቆራል። ወጣቱ «ዓለማየሁ እሸቴ ነው»፣ «የለም፣ ማሕሙድ ነው» እያለ ይከራከራል። ደግ አደረገ። «ማን አቀናበረው?» ብትሉት ግን «እኔ እንጃ!» ነው መልሱ። በላተኛው ሌሊት መረብ ጥሎ ጎህ ሲቀድ የተመለሰውን አጥማጅ እንደማይጠይቅ መሆኑ ነው። አጥማጁስ ቢያንስ ዓሣውን ሸጦ ይገባል፤ ሙዚቀኛው ግን አንድ ጊዜ ተከፍሎት ከወጣ በኋላ ሥራው ለዘለዓለም የሌላ ሰው ነው።

ግርማ በየነን እንውሰድ። ሐምሳ ዓመት ባለፈው በዚያ የሸክላ ዘመን ከ60 በላይ ዘፈኖችን አቀናብሯል። ራሱ ዘፍኖ ያስቀረጸው ግን አራት ብቻ ነው። ስልሳ ለሌላው፣ አራት ለራሱ! በፈረንጆቹ 1981 ከዋሊያስ ባንድ ጋር አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀረ፤ ነዳጅ ማደያም ሠራ። ወደ አደባባይ የመለሰው አልበም የወጣው በ2017 ነው። ያውም ስሙን ከእኛው ዜማ ከወሰደው ከፓሪሱ «አካለ ውቤ» ባንድ ጋር፣ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በሚያዘጋጀው «ኢትዮፒክስ» 30ኛ ቅጽ ላይ።

በዚያው ጉዞ እዚያው የቀረው ኃይሉ መርጊያ ደግሞ ዋሽንግተን ላይ ታክሲ ይነዳ ነበር። በ1985 ለብቻው የቀረጸው ካሴት በ2013 እንደገና ታትሞ ዓለም ሲያዳምጠው፣ ሰውየው ወደ መድረክ ተመለሰ፤ በ2018 አዲስ አልበም አወጣ። አሜሪካዊው አሳታሚ ያንን ካሴት ከየት ቢያገኘው ጥሩ ነው? ከባሕር ዳር! በእኛው ከተማ፣ በእኛው ሰው ደጅ ነበር።

ይህን ሲሰሙ «ፈረንጅ ሙዚቃችንን ወሰደብን» የሚሉ አሉ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ! ፈረንጁ ምን ተአምር ሠራ? ሸክላውን ገልብጦ አየ፣ ካሴቱን አዳመጠ፣ «ይህ ሰው ማነው? የት ነው ያለው?» ብሎ ጠየቀ። በቃ። እኛ ግን ዘፈኑን ከሸክላ ወደ ካሴት፣ ከካሴት ወደ ፍላሽ ስንገለብጥ የዘፋኙን ስም ብቻ አስቀርተን የቀረውን ሁሉ በየመንገዱ አንጠባጠብነው።

«አድማጭ የሚወደው ዘፋኙን ነው፣ ምን ይደረግ?» የሚል መልስም ሰምቻለሁ። አይዋጥልኝም። በቤተ ክህነታችን ማኅሌት ሲቆም መሪጌታው ብቻውን አይደለም፤ ቀኝ ጌታም ግራ ጌታም እንደየቦታቸው ማዕረግ አላቸው። ተቀባይ የሌለው አውራጅ በሠርግ ቤት እንኳ መሳቂያ ነው። አንድ እጅ ብቻውን እንደማያጨበጭብ የሚያውቅ ሕዝብ፣ ስቱዲዮ ሲገባ እንዴት ይጠፋዋል?

ነገሩ የክብር ብቻ አይደለም፤ የእንጀራም ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ «ከዋኝ» ሲል ዘፋኙን ብቻ አላለም፤ ሙዚቀኛውንም ቆጥሯል። በ2007 ዓ.ም. የመጣው ማሻሻያ ደግሞ የሮያሊቲ ክፍያ በጋራ እንዲሰበሰብ በር ከፍቷል። ታዲያ ስሟ የትም ያልተጻፈ ተቀባይ በምን ማስረጃ ድርሻዋን ትጠይቃለች? በአስር ሰው አልበም ላይ ድምጿ አለ፤ በአንዱም ላይ ስሟ የለም። ስም መዝለል ማለት ገንዘብ መከልከል ማለት ነው።

የግርማ አልበም ርዕስ በአማርኛ ቢመለስ «ሆን ተብሎ የተሠራ ስህተት» እንደ ማለት ነው። በሙዚቃ ሆን ብሎ መሳሳት ጥበብ ሊሆን ይችላል። ሆን ብሎ ስም መዝለል ግን ንፉግነት ነው።

ስለዚህ የኤፍ ኤም አዘጋጆች ሆይ፣ ለማስታወቂያ ከምትሰጡት ጊዜ ላይ አስር ሰከንድ ቀንሳችሁ ያቀናበረውንና የተቀበለውን ጥሩልን። ዘፋኞችም በመድረክ ላይ «አመሰግናለሁ» ብላችሁ ከመውረዳችሁ በፊት ወደ ኋላ ዞር በሉ። አሳታሚዎች የሁሉንም ስም ጻፉ። እኛ አድማጮችም ዛሬ ማታ ቤት ሞልቶ ስናጨበጭብ፣ ከዘፋኙ ኋላ የቆመችውን ልጅ ስሟን እንጠይቅ። ሰላሳ ዓመት ቆይቶ ፈረንጅ እስኪጠይቅልን ምን ያስጠብቀናል?