ዳር ያጣችው «ኢትዮጵያ»

ከጣራ ገዳም ተራራ ላይ ቆሞ ቍልቍል ለተመለከተ ሰው፥ የፎገራ ሜዳ ተዘርግቶ ከማዶው ጣና ያብረቀርቃል። እኛ የዚያ አገር ልጆች ከመርከብ ወገን መጀመሪያ ያየነው የደንገል ታንኳን ነው። ታንኳ ውሃ ጠጥታ ስትከብድ ባለቤቷ ወደ ዳር አውጥቶ በፀሐይ ያደርቃታል፤ ዳር ያጣች ታንኳ ግን ትበሰብሳለች። «ኢትዮጵያ» በተባለችው የጦር መርከብ የደረሰውም ይኸው ነው።

ይህች መርከብ በ1936 ዓ.ም. «ኦርካ» ተብላ በአሜሪካ ባሕር ኃይል ሥራ ጀመረች። በጦርነቱ ዘመን በፓሲፊክ ውቅያኖስ፥ በውሃ ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖችን ታገለግል ነበር። በ1954 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተሰጥታ የአገራችንን ስም ተቀበለች። ርዝመቷ 95 ሜትር ያህል ሲሆን፥ ከባሕር ኃይላችን መርከቦች ሁሉ ትልቋ ነበረች፤ ዕጩ መኮንኖችም የባሕር ትምህርታቸውን የተማሩባት እርስዋ ናት።

ምጽዋ በየካቲት 1982 ዓ.ም. በሻዕቢያ እጅ ወደቀች። በግንቦት 1983 ዓ.ም. መርከቢቱ ወደ የመን ሸሸች፤ እዚያም ሥራ ፈትታ ቆይታ በ1985 ዓ.ም. ገደማ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች።

«ግሮም» የተባለችው የፖላንድ የጦር መርከብ በሚያዝያ 1932 ዓ.ም. ናርቪክ አጠገብ በጀርመን ቦምብ ሰጠመች። እኅቷ «ብሊስካቪጻ» ግን ዛሬ በግዲኒያ ወደብ ሙዚየም ሆና ትጎበኛለች። የእኛይቱን ያጠፋት ቦምብም ማዕበልም አይደለም፤ ሠላሳ ዓመት ያህል በምድር ላይ የተካሄደው የወንድማማች ጦርነት ነው። ሆኖም ሄደን የምናያት መርከብ የለችንም።

«ወደብ ለሌለው አገር የመርከብ ወግ ምን ይጠቅመዋል?» የሚሉ ጓደኞች አሉኝ። እኔ ግን አልስማማም። ባሕር ኃይሉ እንደገና እንደሚቋቋም በ2010 ዓ.ም. ተነግሯል። የብረት መርከብ በገንዘብ ይገዛል፤ የባሕር ልምድ ግን አይገዛም። በዚያች መርከብ ያገለገሉት ሰዎች አርጅተዋል፤ ብዙዎቹም አልፈዋል።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንመለስ፥ የቀድሞ ባሕረኛ ካለ ፈልገን እንጠይቅ፤ የነገረንንም እንጻፍ። መርከቢቱን ማዳን አልተቻለም፤ ታሪኳን ማዳን ግን ገና በእጃችን ነው።