ምች ተብሎ የሚታለፈው ደዌ



በአቃቂ ቃሊቲ የምትኖር አንዲት የልጆች እናት አፏ ቈስሎ እንጀራ መዋጥ አቃታት እንበል። የመጀመሪያው ፍርድ ከጐረቤት ይመጣል፤ «ምች ነው» ይባልና ዳማከሴ ታሽቶ ይቀርብላታል። ምች ቢሆንማ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት በሻረ ነበር። የእርሷ ቍስል ግን ወራት ይቈያል፤ ቈይቶም በደረቷና በጀርባዋ ላይ ውኃ ይቋጥራል። የቋጠረውም ሲነኩት ይፈርጣል፤ ቆዳው ተገፎ ሥጋው እሳት እንደ በላው ሆኖ ይታያል። ያን ጊዜ ስሙ ተለውጦ «አልማዝ ባለጭራ» ይባላል። አልማዝ ባለጭራ ግን ብዙውን ጊዜ በአንድ ወገን እንደ መቀነት ተጠምጥሞ ይወጣል እንጂ አፍንና ገላን እንዲህ አያዳርስም።

ይህን ደዌ ሐኪሞች ፔምፊገስ ይሉታል። የቆዳችን ሕዋሳት እንደ ግንብ ድንጋይ በማያያዣ ተጣብቀው ይኖራሉ፤ በዚህ ደዌ የሰውነት መከላከያ ኀይል ተሳስቶ ያን ማያያዣ እንደ ጠላት ይወጋዋል፤ ግንቡ ሲላቀቅም በመካከሉ ውኃ ይጠራቀማል። ስለዚህ በማዕድ፥ በመኝታ፥ በልብስም ከሰው ወደ ሰው አይጋባም። ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከ40 እስከ 60 ባለው ዕድሜ ነው። ወንድሙ ፔምፊጎይድ ግን ሽማግሌዎችንና አሮጊቶችን ይይዛል፤ ብርቱ ማሳከክ ይቀድመዋል፤ የቋጠረውም ቶሎ አይፈርጥም።

የአቃቂ ሰው የፋብሪካውን ጢስና የወንዙን እድፍ መውቀሱ አይቀርም። ወንዙ መቈሸሹ እውነት ነው፥ ለብቻውም ሊጻፍበት ይገባል፤ ነገር ግን ወንዝን መውቀስ ወደ ሐኪም መሄድን አይተካም። በብራዚል ገጠር በወንዞች አጠገብ የሚበዛ፥ የአገሩ ሰዎች «የዱር እሳት» የሚሉት የፔምፊገስ ዐይነት አለ፤ በዚያ የሚጠረጠረው የምትናከስ ትንሽ ጥቍር ዝንብ ናት።

እስከ 1940ዎቹ ዓ.ም. ድረስ በፔምፊገስ ከተያዙት አብዛኞቹ በ5 ዓመት ውስጥ ይሞቱ ነበር። ኮርቲዞን፥ በኋላም ፕሬድኒሶሎን ሲመጡ ነገሩ ተገለበጠ፤ ዛሬ በሚገባ ከታከሙት ከ10 ሰዎች 9ኙ ያህል በሕይወት ይኖራሉ። በ2010 ዓ.ም. ሪቱክሲማብ የተባለ መድኃኒት ለዚሁ ደዌ በአሜሪካ ተፈቅዷል፤ ዋጋው ግን ለብዙ ቤት የሚደፈር አይደለም። ዛሬ የሚገድለው በአመዛኙ በቍስሉ የሚገባው ተሕዋስና የሳንባ ምች ነው። ፕሬድኒሶሎን ራሱ የሰውነትን መከላከያ ስለሚያደክም፥ የተኛ የሳንባ ነቀርሳ እንዳይነሣ ሐኪሙ አስቀድሞ ደረትን ያስመረምራል፤ ስኳርና የደም ግፊትንም ይከታተላል።

እናቲቱ ከጤና ጣቢያ ወደ አለርት ሂጂ ብትባል ሌላ ፈተና ይጠብቃታል። አለርት በ1958 ዓ.ም. ለሥጋ ደዌ ሕሙማን የተቋቋመ በመሆኑ፥ ዛሬ ልዩ ልዩ የቆዳ ሕመም የሚታከምበት ቢሆንም ስሙ ያስፈራል። «ጐረቤት ምን ይለኛል» ብላ በቤቷ ትቀመጣለች። ጻድቁ ኢዮብ በቍስል በተመታ ጊዜ ወዳጆቹ ኀጢአት ፈልገውበት ነበር፤ እኛም በእንዲህ ያለው ቤት ደጃፍ የእነርሱን ነገር የምንደግመው ጥቂት ጊዜ አይደለም። በአለርት ሐኪሙ ከቍስሉ ጠርዝ ቅንጣት ቆዳ ወስዶ ያስመረምራል፤ የደዌው ስም የሚታወቀው በዚህ እንጂ በጐረቤት ግምት አይደለም።

ጸበል ለመጠመቅ የምትሄድ ብትሆን መድኃኒቷን ይዛ ትሂድ። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤች.አይ.ቪ. ሕሙማን መድኃኒታቸውን ከጸበል ጋር እንዲወስዱ ማስተማራቸው ይታወሳል። ፕሬድኒሶሎንን ለብዙ ሳምንት ከወሰዱ በኋላ ድንገት መተው ደዌውን ከማገርሸቱ በላይ ለሕይወት ያሰጋል፤ ሰውነት የራሱን ሆርሞን መሥራት አቁሞ ይቈያልና የደም ግፊት ወርዶ ራስን ያስታል። መጠኑን ቀስ በቀስ የሚቀንሰው ሐኪሙ ብቻ ነው። መድኃኒቱ ጠዋት ከምግብ ጋር የሚዋጥ ስለ ሆነ፥ ጾም ከመግባቱ በፊት ነገሩ ለንስሐ አባት ይነገር።

በቤትም በርበሬና ትኩስ ነገር አፏን ያቃጥላልና አጥሚት በርዶ ይሰጣት። በቍስሉ ላይ ቅጠል፥ ዐመድ፥ ቅቤ አይደረግ፤ የተላቀቀው ቆዳም አይላጥ። አንሶላዋ ለስላሳና በየቀኑ የታጠበ ይሁን። ትኩሳት ከያዛት ግን ቀጠሮዋን ሳትጠብቅ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ትወሰድ።